«ጽፈህ አምጣው፣ እፈርምልሃለሁ»

በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ በር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደጋገማል፦ «አንተው ጽፈህ አምጣው፣ እኔ እፈርምልሃለሁ።»

ሲሰሙት ትብብር ይመስላል። መምህሩ ውለታ እንደዋለ ይቆጥረዋል። ተማሪውም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቲቸር» ብሎ ይወጣል። የተጠየቀው ግን ሪኮመንዴሽን ነው። ልጁ ውጭ አገር ለሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት፣ ያስተማረው ሰው ስለ እርሱ የሚያውቀውን እንዲመሰክርለት ነው የተጠየቀው። ምስክር የተባለው ሰው «ምስክርነቱን አንተው ጻፈው» ካለ ምስክርነት የለም። ያለው ፊርማና ማህተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገሩ በስሙ ይጠራ። ይህ ሥራን መሸሽ ነው። ከዚያም አልፎ የ17 ዓመት ልጅ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሐሰተኛ ሰነድ በገዛ መምህሩ ቡራኬ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ነው። ሥነ ምግባርን በክፍል ውስጥ እያስተማሩ በማረፊያ ክፍል በር ላይ ማፍረስ ነው።

የማመልከቻው ግማሽ የማን ነው?

ስለ ጠንካራ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በተወራ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ተማሪው ነው። ውጤትህን ጠብቅ፣ ኤስኤቲ ተፈተን፣ እንግሊዝኛህን አሻሽል፣ ክበብ ግባ፣ በጎ ፈቃድ ሥራ፣ ድርሰትህን አሥር ጊዜ ጻፈው። ምክሩ ልክ ነው። ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው።

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክትበትን ኮመን አፕን መመልከት ይበቃል። በ1975 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ማመልከቻ ዛሬ ከ1 ሺህ በላይ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ነው። ተማሪው ራሱ የሚሞላው የታወቀ ነው፤ ከ650 ቃላት የማይበልጥ ድርሰት፣ ቢበዛ 10 ከክፍል ውጪ ተግባራት፣ ለእያንዳንዱ ተግባር በ150 ፊደላት የተገደበ መግለጫ። ቀሪውን የሚልከው ትምህርት ቤቱ ነው። ትራንስክሪፕቱ፣ የትምህርት ቤቱ ሪፖርት፣ ትምህርት ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያስረዳው ስኩል ፕሮፋይል፣ የአማካሪው ደብዳቤና የመምህራኑ ሪኮመንዴሽን በሙሉ ከተማሪው እጅ ውጪ ናቸው።

ይህ ክፍፍል ያለ ምክንያት አልተደረገም። ማንም ሰው ስለ ራሱ ጥሩ ነገር ማውራት ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ከዚያ በተጨማሪ ልጁን በክፍል ውስጥ ሲሠራ፣ ሲሳሳት፣ ሲጠይቅ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲግባባ ያየ ሌላ ሰው የሚለውን መስማት ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ማመልከቻው በአንድ እግሩ ቆሟል።

ልጁ ራሱን ሲመሰክር

«ጽፈህ አምጣው» ከተባለ በኋላ ምን እንደሚሆን ብዙ የቻናሉ ተከታዮች ያውቁታል። በመምህሩ ስም አዲስ ጂሜይል ይከፈታል። የይለፍ ቃሉን የሚይዘው ተማሪው ነው። ኮመን አፕ ለመምህሩ የሚልከው ግብዣ እዚያ ኢሜይል ውስጥ ይገባል፤ ልጁ ይከፍተዋል፤ ቅጹን ይሞላል።

ቅጹ ደግሞ ደብዳቤ ብቻ አይደለም። መምህሩ ልጁን ካስተማራቸው ሌሎች ተማሪዎች ጋር እያነጻጸረ በሠንጠረዥ ደረጃ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ከአማካይ በታች ከሚለው ተነስቶ፣ በሙያ ዘመኔ ካየኋቸው ጥቂት ምርጦች አንዱ እስከሚለው ድረስ ይዘልቃል። እንግዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሌሊት በስልኩ ቁጭ ብሎ፣ 20 ዓመት ያስተማረ ሰው ሆኖ፣ ራሱን ከራሱ የክፍል ጓደኞች ጋር ያነጻጽራል። ዝቅ አድርጎ ቢሞላ ራሱን ይጎዳል፤ ሁሉንም ከፍተኛው ላይ ቢያደርግ ያስነቃል። ልጁን እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተው ያ «ትብብር» ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። አሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የተማሪዎች የትምህርት መዝገብ ሕግ መሠረት፣ ተማሪው ተቀባይነት አግኝቶ ከገባ በኋላ ስለ እርሱ የተጻፈውን ደብዳቤ የማየት መብት አለው። ኮመን አፕ ይህን መብቱን ይተው እንደሆነ ይጠይቀዋል። መምህሩ ተማሪው ያየዋል ብሎ ሳይሸማቀቅ በነፃነት እንዲጽፍ ስለሚረዳ፣ አመልካቾች መብታቸውን እንዲተዉ ይመከራሉ። የእኛም ልጅ ይተዋል። እጁ ላይ ያለውን፣ ራሱ ያረቀቀውን ደብዳቤ «አላየውም» ብሎ ይፈርማል። ማመልከቻውን ሲልክ ደግሞ ያቀረበው ሁሉ እውነትና የራሱ ሥራ መሆኑን፣ ሐሰት ቢገኝበት ቅበላው ሊሰረዝ እንደሚችል አረጋግጦ ይፈርማል። ሐሰቱ ከተገኘ የሚቀጣው እርሱ ነው። «ጽፈህ አምጣው» ያለው መምህር እዚያ የለም።

ደብዳቤው ራሱስ ምን ይላል? «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ሥነ ምግባር ያለው፣ ከጓደኞቹ ጋር ተግባቢ።» ይህ ስለ ማንም ሊባል ይችላል። ከሌላ የወረደ ናሙና ላይ ስም ቀይሮ የተለጠፈ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ልጁ ደግሞ ቢቸግረው ነው የሚገለብጠው፤ ስለ ራሱ በሌላ ሰው ዓይን መጻፍ ለጎልማሳም ከባድ ነው።

በአንጻሩ አንድ የፊዚክስ መምህር እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ይታሰብ፦ «ቤተ ሙከራችን ዕቃ ስለሌለው ፔንዱለምን በቃል ብቻ ነበር ያስተማርኩት። ይህች ልጅ በማግስቱ ክርና ድንጋይ ይዛ መጣች። በስልኳ ሰዓት ለካችው። ውጤቷ ከመጽሐፉ ጋር ለምን እንዳልገጠመ ሦስት ቀን ስትጠይቀኝ ሰነበተች።» እንግሊዝኛው የተሰባበረ ቢሆን ግድ የለም። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ አንባቢው ልጅቷን ያውቃታል። ይህን ሊጽፍ የሚችለው ያየው ሰው ብቻ ነው።

60 ከመቶ ስንት ነው?

የትምህርት ቤቱ ዝምታ የሚጎዳው በደብዳቤው በኩል ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ፈተናውን ወስዶ በቀጣዩ ዓመት ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ተማሪ ውጤቱን ያያይዛል። 60 ከመቶ አምጥቷል እንበል። አሜሪካ ውስጥ 60 ከመቶ ከመውደቅ በአንድ ጣት ከፍ ያለ ውጤት ነው። የቅበላ ሠራተኛው ሌላ ማብራሪያ ከሌለው የሚያየው ደካማ ተማሪ ነው።

እዚህ አገር ግን 60 ከመቶ ሌላ ነገር ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 ከመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ አለ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ የሆኑባቸው ዓመታት ነበሩ። ከእንዲህ ዓይነቱ ወንፊት 60 ይዞ የወጣ ልጅ የአገሪቱ ጥቂት ምርጦች ውስጥ ነው።

ይህን ለውጭው አንባቢ የሚነግረው ማን ነው? ልጁ ራሱ ድርሰቱ ውስጥ «የእኛ አገር ፈተና ከባድ ነው» ብሎ ቢጽፍ ሰበብ ይመስላል። መናገር ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው፤ ቦታውም ስኩል ፕሮፋይል ነው። አንድ ገጽ ነው። የት እንዳለን፣ በክፍል ስንት ተማሪ እንዳለን፣ ማርክ የምንሰጠው እንዴት እንደሆነ፣ ብሔራዊ ፈተናው ምን እንደሚመስልና ስንቱ እንደሚያልፍ፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት እንዳለንና እንደሌለን የሚገልጽ አንድ ገጽ። አንድ ጊዜ ከተጻፈ በየዓመቱ ቁጥሩን ብቻ እያደሱ ለሁሉም ተማሪ መላክ ይቻላል። ስንት ትምህርት ቤት አለው? ዳይሬክተሮች ይህን ጥያቄ ራሳቸውን ይጠይቁ።

12ኛ ክፍል ሆኖ ለሚያመለክተውም ነገሩ ያው ነው። አንዱ የግል ትምህርት ቤት ለግማሽ ክፍሉ 95 እና 98 ይሰጣል። ሌላው የመንግሥት ትምህርት ቤት ቆጣቢ ነው፤ በ86 አንደኛ ይወጣበታል። ሁለቱ ትራንስክሪፕቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ባለ 86ቱ ይወድቃል። «ከ240 ተማሪዎች አንደኛ» የምትል አንዲት መስመር ታድነው ነበር። እሷን የሚጽፍ ግን አልተገኘም።

«መምህሩስ ምን ያድርግ?»

እዚህ ላይ የሚነሳው መልስ ይታወቃል፤ ተገቢም ነው። መምህሩ በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ያስተምራል። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ያስጠናል። በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ ማንም አላሠለጠነውም። ይህ ሁሉ ላይ «ለአሥር ልጅ አሥር ደብዳቤ ጻፍ» ማለት ግፍ ይመስላል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ልማዱም ታሪክ አለው። ከማትሪክ ዘመን ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የፈተና ነጥብ ብቻ ነበር። ተማሪው ፎርም ይሞላል፣ ሚኒስቴሩ ይመድባል፣ አለቀ። ትምህርት ቤቱ ስለ ልጁ ምንም እንዲል ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ተማሪን በውጤቱና በደረጃው እንጂ በማንነቱ መመዝገብን አልለመደም።

ግን ልማዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ልማዱን ትክክል አያደርገውም። የመምህሩ ሸክም መብዛት የሚያስረዳው ትምህርት ቤቱ ሸክሙን ማቅለል እንዳለበት ነው፤ ሸክሙ በልጁ ትከሻ ላይ መውረድ እንዳለበት አይደለም። «ጊዜ የለኝም፣ ሌላ መምህር ጠይቅ» የሚል መምህር ልጁን አልበደለም። በቀጥታ ነግሮታል፤ ልጁ ሌላ በር ያንኳኳል። የበደለው እሺ ብሎ ያልጻፈው ነው።

ወርኃዊ ክፍያ በየዓመቱ የሚጨምሩት የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ይህ ሰበብ ጭራሽ አይመለከታቸውም። ምርቃት ላይ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ያገኙ ልጆችን ፎቶ በባነር የሚሰቅል ትምህርት ቤት፣ ለዚያ ልጅ ትራንስክሪፕቱን «ነገ ና» እያለ ሦስት ሳምንት ያመላለሰው ራሱ ነው። በድሉ ጊዜ ከፊት የሚቆም በሥራው ጊዜም መገኘት ነበረበት።

ባዶውን ቦታ የሞላው ደላላ

ትምህርት ቤቱ የተወውን ቦታ ገበያው ወርሶታል። «አድሚሽን እናስጨርሳለን»፣ «ሪኮመንዴሽን እናዘጋጃለን»፣ «መቶ በመቶ ስኮላርሺፕ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ሞልተዋል። የሚሸጡት አብዛኛው ነገር በነፃ የሚገኝ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ አያስከፍልም። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩምም አያስከፍልም። ኮመን አፕ አቅም ለሌለው ተማሪ የማመልከቻ ክፍያ የሚነሳበት መንገድ አለው። የአሜሪካ ኤምባሲ በኤጁኬሽን ዩኤስኤ በኩል የሚሰጠው ምክርም በነፃ ነው። ደላላው የሚሸጠው የወላጅን አለማወቅና የትምህርት ቤቱን ዝምታ ነው።

የደላላው ድርሰትም እንደ ደላላው ደብዳቤ ነው፤ አንድ ቅርጽ አለው። ልጁ በድህነት አደገ፣ በኩራዝ አጠና፣ ወደ አገሩ ተመልሶ ወገኑን ሊረዳ ቆርጧል። ልጁ እውነት በኩራዝ አጥንቶ ሊሆን ይችላል። ያው ኩራዝ በሰላሳ ድርሰት ውስጥ ሲበራ ግን እውነተኛው ሠላሳ አንደኛ ሆኖ ይጠረጠራል። የደላላው ትልቁ ጥፋት ብሩ አይደለም፤ የእውነተኛውን ልጅ ታሪክ ዋጋ ማሳጣቱ ነው።

«ፈረንጁስ አይሠራውም?» ይባላል። ይሠራዋል። መጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሀብታም ወላጆች ልጆቻቸውን በጉቦ፣ በተጭበረበረ ፈተናና በሐሰት የስፖርት ታሪክ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያስገቡበትን ሴራ ይፋ አድርጎ በርካታ ሰዎችን ከሰሰ። የሴራው መሪ ሪክ ሲንገር በ2023 እ.ኤ.አ. የሦስት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈረደበት። ከዚህ መማር ያለብን እነሱም ያጭበረብራሉ የሚለውን አይደለም። እዚያ የተያዘው ሀብታም ጠበቃ ይቀጥራል፣ ልጁም ሌላ ኮሌጅ ይገባል። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከወልዲያ ያመለከተ ልጅ ግን ቅበላው አንድ ጊዜ ከተሰረዘ ያለችው ዕድል ያቺው ነበረች። ከእርሱ በኋላ ከዚያው ትምህርት ቤት የሚያመለክቱትም ጥርጣሬውን ይወርሳሉ።

የሚከፍለውም ሁሌ ያው ልጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ሙሉ ቀን ይህንኑ የሚሠራ አማካሪ አላቸው። ደብዳቤያቸውን የሚጽፈው መምህራቸው ነው፤ ፕሮፋይላቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ጎበዝ የሆነው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ከእነዚህ ጋር የሚወዳደረው መምህሩንም፣ አማካሪውንም፣ ጸሐፊውንም ራሱ ሆኖ ነው። ከዚያ ሲወድቅ «ዕድሉ አልሆነም» ይባላል። ይህ ግን ዕድል አይደለም። የሰው እጅ ያለበት ነገር ነው።

የውጭ ብቻ ጉዳይ አይደለም

«ልጆቹ እንዲሄዱ ለምን እንደክማለን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጉዳዩ ግን እዚሁም ደርሷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ሚኒስቴሩ ብቻ የሚመድብበት ዘመን እያለፈ ነው። ለማስተርስና ለፒኤችዲ የሚያመለክቱ ተመራቂዎችም ያንኑ «ጽፈህ አምጣው» ከዩኒቨርሲቲ መምህሮቻቸው ይሰማሉ፤ ያማከራቸው መምህር እንኳ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርዕስ ረስቶ ይፈርማል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጀመረው ልማድ እስከ ዶክትሬት ድረስ አብሮ ያድጋል።

ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ትልቅ በጀት አይደለም።

1. እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ለዚህ ሥራ ይመድብ። ሥራው በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ውለታ ሳይሆን ክፍለ ጊዜ የሚቀነስለት ሥራ ይሁን።

2. ባለ አንድ ገጹ ስኩል ፕሮፋይል በየዓመቱ መስከረም ላይ ይታደስ። ትራንስክሪፕት በስንት ቀን እንደሚሰጥ ይወሰንና የሬጅስትራር በር ላይ ይለጠፍ።

3. ያልጻፈውን ደብዳቤ የፈረመ መምህር ይጠየቅ። በእንግሊዝኛ መጻፍ የከበደው በአማርኛ ወይም በሚችለው ቋንቋ ይጻፍ፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ይተርጉምለትና ትርጉም መሆኑ ይገለጽ። የተተረጎመ እውነት ከተቀዳ ውሸት ይሻላል።

4. ተማሪው በበኩሉ ጥቅምት ላይ ሮጦ አይምጣ። የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ ብዙ ቦታ የሚዘጋው ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ መደበኛው ደግሞ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። ስለዚህ 11ኛ ክፍልን ሲጨርስ፣ ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይበተን ይጠይቅ። ትልቁን ማርክ የሰጠውን ሳይሆን በደንብ የሚያውቀውን መምህር ይምረጥ። የተጻፈ ደብዳቤ ሳይሆን የማስታወሻ ወረቀት ይስጠው፤ በክፍሉ ምን እንደሠራ፣ የትኛው ርዕስ እንዳስቸገረው፣ ምን መማር እንደሚፈልግ፣ ቀኑ መቼ እንደሚያልቅ። ማስታወሻ መስጠት መምህሩን መርዳት ነው። ደብዳቤ ጽፎ መስጠት መምህሩን መተካት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በእውነትና በሐሰት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

5. ወላጅ ደግሞ ለደላላ ብር ከመቁጠሩ በፊት በሚቀጥለው የወላጅ ስብሰባ ላይ እጁን ያውጣ። ስለ ዩኒፎርምና ስለ ክፍያ ጭማሪ ሲወራ ጠብቆ ዳይሬክተሩን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ስለ እርሱ የሚጽፈው ከእናንተ ማን ነው? ስሙን ንገሩኝ።» መልሱ ስም ካልሆነ ያ ትምህርት ቤት ለአራት ዓመት ክፍያ ሲቀበል የኖረው ስለማያውቀው ልጅ ነው።